መዳቡን ነገ እለካለሁ

ሰኞ ማታ

ዝናቡ ዛሬ ገባ። እሜቴም ዛሬ ታመመች። ሁለቱ ተነጋግረው የሚያደርጉት ነው የሚመስለኝ።

እሜቴ የምላት መሣሪያችንን ነው። የክፍሉን ግማሽ ይዛ የተቀመጠች፣ ሆዷ ፍጹም ባዶ ካልሆነ ሥራ የማትነካ፣ ባዶ እስክትሆን ደግሞ ፓምፖቹን ሳምንታት የምታስለፋ አሮጊት። ሆዷ ውስጥ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ብረት እናስገባለን፤ በሌዘር እንመታታለን፤ ኤሌክትሮኖች ከብረቷ እየተፈናጠሩ ይወጣሉ፤ እሜቴ በረጅም አንገቷ ትቀበላቸውና በየት በኩል፣ በምን ያህል ጉልበት እንደ ወጡ ስክሪን ላይ ታሳየናለች። ከአወጣጣቸው ተነስተን ውስጥ እንዴት ይኖሩ እንደ ነበር እናውቃለን። ሥራዬ ይኸው ነው። አባዬ ጡረታ የወጣ የአውቶብስ ሹፌር ነው፤ ለጓደኞቹ ሲያስረዳ «ልጄ ከብረት ውስጥ ተሳፋሪ በመብራት ታወርዳለች» ይላል። ከመመረቂያ ጽሑፌ መግቢያ እሱ ይሻላል።

አየር አስገብታለች። ከየት እንደሆነ አልታወቀም። በአልኮል የነከርኩት ጥጥ ይዤ መጋጠሚያዎቿን አንድ በአንድ ስዳብስ ዋልኩ። ሊቁ በሩ ላይ ቆሞ «እንዴት ናት?» አለኝ። (ሊቁ ፕሮፌሰሬ ነው። ፊት ለፊት «ፕሮፌሰር» ነው የምለው፤ አላበድኩም።) «ታማለች» አልኩት። እኔ እንዴት እንደሆንኩ ሳይጠይቅ ሄደ።

ሐሙስ

ቀዳዳው ተገኘ። እኔ ራሴ ያጠበቅኩት ብሎን ሥር ነው። በደንብ አላጠበቅኩትም ማለት ነው። ለሊቁ «ብሎኑ አርጅቶ ነው» አልኩት። ብሎኑ ምስኪን ነው፣ አይናገርም።

ቅዳሜ ማታ

እሜቴን ከአናቷ እስከ እግሯ በአልሙኒየም ፎይል ጠቅልለን እያሞቅናት ነው፤ የሆዷ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው እርጥበት ተንኖ እስኪወጣ። አዲስ ሰው ክፍሉን ቢያይ ለግዙፍ ሰው የተጠቀለለ ምሳ ይመስለዋል።

ጠዋት አባዬ ነው ያደረሰኝ። ዝናብ ከሆነ ካላደረስኩሽ ይላል። መንገድ ላይ የመኪናውን የፊት መስታወት በእጅጌው ደጋግሞ ጠረገ። «ይሄ መስታወት ጭጋግ ይዟል።» በእኔ በኩል ጥርት ብሎ ይታያል፤ ግን ሹፌር ፊት ስለ መስታወት አይወራም። የግቢያችን በር ላይ የዘበኛውን በርሜል ለጥቂት ሳተው። ዘበኛው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ እግሩን ሰበሰበ። ለምዶታል።

ልወርድ ስል ከዳሽቦርዱ ላይ ትንሿን የቆርቆሮ አውቶብስ ነቅሎ ሰጠኝ። ከሥሯ ማግኔት አላት፤ በነዳቸው አውቶብሶች ሁሉ ፊት ለፊቱ ተለጥፋ የኖረች ናት። «እኔን ከስንቱ ነገር ጠብቃኛለች። አሮጊትሽንም ትጠብቅልሽ» አለ።

ኪሴ ውስጥ ናት። ክፍላችን በር ላይ በትልቁ የተጻፈ ሕግ አለ፤ ማግኔት አይገባም። የእኛ ሌዘር የሚያስወጣቸው ኤሌክትሮኖች ጉልበት የላቸውም፤ አጠገባቸው ማግኔት ካለ መንገዳቸው ይጣመማል። እሜቴ የሚከላከልላት ልባስ አላት፣ ግን በግድግዳው በኩል ተሰንጥቋል። ስለዚህ የፀጉር ሽቦ እንኳ ውጪ ትተን ነው የምንገባው።

ማክሰኞ

አውቶብሷን ለጠፍኳት። በእሜቴ ጀርባ፣ በግድግዳው በኩል፣ አንገቷን በተሸከመው የብረት እግር ላይ። ቀጭ ብላ ያዘች። እሜቴ ገና እየቀዘቀዘች ስለሆነ አውቶብሷ ማንንም አትጎዳም፤ መለካት ስንጀምር አነሳታለሁ። ሊቁ በዚያ በኩል አይሄድም። አቧራ አለ፣ ኮቱ ደግሞ ጥሩ ኮት ነው።

ሕጉ የወጣው ለፀጉር ሽቦ ነው፤ ለአባዬ አውቶብስ አይደለም።

ዓርብ

የሆዷ ግፊት ወረደ! እንዲህ ወርዶ አይቼው አላውቅም። ፓምፖቹንም፣ ፎይሉንም፣ የራሴን ላብም ትቼ አውቶብሷን አመሰገንኩ። ሳይንቲስት ነኝ።

ለጊዜው እንዳለች ትቆይ።

ረቡዕ ማታ

ቆሜ ነው የምጽፈው። ከደስታ ነው።

በየዋህ ብረት ውስጥ ኤሌክትሮን ባዶ መንገድ እንዳገኘ ሰው ዝም ብሎ ይሄዳል፤ ስለ ሌሎቹ ግድ የለውም። የእኛ ብረት ግን የጠዋት ታክሲ ነው። አንዱ ቦርሳውን ሲያነሳ የሌላው ክርን ይነሳል፤ ከኋላ ያለው «ወራጅ» ሲል ፊት ያሉት ሁሉ ይነሳሉ። ማንም ብቻውን አይነቃነቅም። እኛ የምናጠናው ይህን መጠጋጋት ነው። የሚታወቀውም ስክሪኑ ላይ ባለው መስመር ነው፤ ቀጥ ብሎ መሄድ የነበረበት መስመር አንድ ቦታ ላይ ይጎብጣል። ጉብጠቱ ሲተልቅ መጠጋጋቱ ብርቱ ነው።

ጎበጠ! ስሌቱ «ትንሽ ትጎብጣለች» ነበር ያለው፤ ይህ ግን ከበሩ ላይ ሆነው የሚያዩት ጉብጠት ነው። ሊቁን ጠራሁት። ስክሪኑ ላይ ጎንበስ አለ፤ መነጽሩን አወለቀ፤ መልሶ አደረገ። «ይሄ…» ብሎ ሳይጨርሰው ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ከዚህ በፊት የእኔ የሆነ ነገር የሚነካው በቀይ እስክሪብቶ ነበር።

አውቶብሷን ላነሳ አስቤ ነበር። በግርግሩ ረሳሁት።

ሰኞ

ነገረኛዋ ከወሊድ ፈቃድ ተመለሰች። አጠገቤ የምትሠራ ተመራማሪ ናት፤ ወዳጄ ናት፤ ነገርም አይጠፋትም። ሕፃኑ እንቅልፍ ነስቷት ዐይኗ ቀልቷል፣ ምላሷ ግን አርፎ ነው የመጣው። ጉብጠቱን ገና ከማሳየቴ፦

«መዳቡን ለካሽው?»

መዳብ የዋህ ብረት ነው። መስመሩ የት የት እንደሚያልፍ ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። መሣሪያህ ጤነኛ መሆኑን ማወቅ ከፈለግህ መዳብ ትለካለህ፤ የመዳቡ መስመር ልክ ከሆነ መሣሪያው ልክ ነው። ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው።

«ነገ እለካለሁ» አልኳት።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለችኝ። እንኳን ደህና መጣሽ ልል ነበር፣ ተውኩት።

ማክሰኞ

ሌዘሩን ሳስተካክል ዋልኩ። መዳቡን ነገ።

ሐሙስ

ስብሰባ። መዳቡን ነገ።

ቅዳሜ ማታ

ከአባዬ ጋር ተጣላን። ሻይ ሲቀዳ ኩባያውን ስቶ ጠረጴዛው ላይ ቀዳው፤ ከዚያ ጠረጴዛውን ተቆጣ።

«አባዬ፣ ዐይንህን ለምን አትታየውም?»

«ዐይኔ ምን ሆነ?»

«እሱን ነው የምንጠይቀው።»

«ሐኪም ጋ ሄደሽ በሽታ አታጪም። መስታወቱ ነው ልጄ። እለውጠዋለሁ።»

«ሻዩም ላይ መስታወት አለ?»

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ያዢ!»

ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ሬዲዮውን ከፈተ። እንዲህ ያለ ግትር ሰው አይቼ አላውቅም። ግማሽ ቀን ነው የሚፈጅበት። ጤነኛ ከሆነ ደስ ይለዋል፣ ካልሆነ ይታከማል። ምኑ ያስፈራል? ማወቅን የሚፈራ ሰው ፈጽሞ አይገባኝም።

መዳቡን አልለካሁም። ሳምንቱ እንዴት እንደሮጠ!

ማክሰኞ

የሊቁ በር ገርበብ ብሎ ነበር። እየሰማሁ አልነበረም፤ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር እያሰርኩ ነበር። ጫማዬ ክር የለውም።

በስልክ ነው የሚያወራው። «አዎ፣ በትልቁ ጉባኤ ላይ እናቀርበዋለን… የለም፣ የለም፣ ክፍሉን አትዝጉብኝ። መሣሪያው አርጅቷል ስትሉኝ ነበር፣ ይኸው ምን እንዳሳየን… ተማሪዬ ናት ያገኘችው። ጎበዝ ልጅ ናት።»

ጎበዝ ልጅ። ለእኔ ነግሮኝ አያውቅም።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። ጉብጠቱ እውነት ከሆነ እሜቴ ትኖራለች፣ እኔም በዚህ ዓመት እመረቃለሁ። ካልሆነ ክፍሉ ይዘጋል፣ እሜቴ በኪሎ ትሸጣለች፣ እኔም ስለ ምንም የተጻፈ ወፍራም ወረቀት ታቅፌ እቀራለሁ።

ግን እውነት ነው። ስክሪኑ ላይ አለ እኮ።

ዓርብ

ሌላ ናሙና አስገባሁ። ጎበጠ፣ እዚያው ቦታ! አቀዘቀዝኩት፤ እዚያው። አሞቅኩት፤ እዚያው። ሊቁ በደስታ እጁን እያፋተገ «ጽኑ ነው!» አለ። ነገረኛዋ ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች።

«ብረቱን ለወጥሽ። ቅዝቃዜውን ለወጥሽ። ጉብጠቱ ንቅንቅ አላለም?»

«ጽኑ ነው» አልኳት።

«በሄድሽበት ሁሉ የሚከተልሽ ጉድፍ ካለ፣ ጉድፉ ያለው መንገዱ ላይ አይደለም።»

ምቀኛ! ወልዳ ተኝታ ከርማ በእኔ ጉብጠት ትቀናለች። (ይህን የጻፍኩት ተናድጄ ነው። ምሳዬን ረስቼ ስመጣ የራሷን ያካፈለችኝ እሷ ናት። ወልዶ መተኛት የሚባል ነገር እንደሌለም ፊቷን አይቼ አውቃለሁ።)

ሰኞ

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። ዛሬ ሁሉም ለምሳ ሲወጡ ወደ እሜቴ ጀርባ ሄድኩ። አውቶብሷ አቧራ ለብሳለች። በጣቴ ጠረግኳት። እጄን እላይዋ ላይ እንዳደረግኩ ቆምኩ፤ ከዚያ ተውኳት። ባነሳት ግፊቱ ቢበላሽስ? ከጉባኤው በፊት ምንም ነገር አይነካም ብሏል ሊቁ። እርግጥ እሱ ያለው ስለ ብሎኖቹ ነው።

እንዲህች ያለች ትንሽ ነገር ምን ታመጣለች?

መዳቡን ነገ። ወይም ከጉባኤው በኋላ።

ሐሙስ

ዛሬ ሰው ልንገድል ነበር።

ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል፤ አባዬ እያደረሰኝ ነው። ወደ ግቢው ሲታጠፍ ዘበኛው ሁልጊዜ የሚቀመጥበት ወንበር ጎማው ሥር ገባ። እንጨቱ ሲሰበር እግሬ ሥር ተሰማኝ። ዘበኛው ወንበሩ ላይ አልነበረም። ከሽንት ቤት ቀበቶውን እያሰረ ሮጦ መጣ፤ ከተሰበረው ውስጥ አንዱን እግር አነሳና አየው። «ዛሬ ሆዴን ባያመኝ ኖሮ» አለ። ሁሌ የሚያሾፍ ሰው ነው፤ ዛሬ ግን አልሳቀም።

አባዬ መሪውን እንደጨበጠ ቀረ።

«ዐይኔን ግንባር ያድርገው፣ ምንም አልነበረም» አለ። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ፣ «አንቺ አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ወንበሩን አይደለም። እኔ እንደማላይ።»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከዝናቡ በፊት ጀምሮ።»

«ታዲያ በየቀኑ ለምን ትሳፈሪያለሽ?»

እንዳይከፋህ ብዬ ነው ልለው አፌን ከፈትኩ። ውሸት ነው። እንዳይከፋኝ ብዬ ነው። ዕድሜ ልኬን የሚያሽከረክር ሰው ነው አባቴ፤ የማያሽከረክር አባት ምን እንደሚመስል ማየት አልፈለግኩም። ቁልፉን ነቅሎ መዳፌ ላይ አስቀመጠው። እጁ ቀዝቅዟል። ሲፈራ አይቼው ስለማላውቅ እኔም ፈራሁ።

ነገረኛዋ ደረሰችልን። መኪናውን እሷ ጥግ አስያዘችው፤ አባዬን ታክሲ ውስጥ አስገባሁት። ከዚያ ወደ ክፍሉ ሄድኩ። የረጠበ ኮቴን ሳላወልቅ መዳቡን አስገባሁ።

ሐሙስ፣ አሁንም

መዳቡ ጎበጠ።

ያ የዋህ ብረት። እዚያው ቦታ፣ ያችኑ ጉብጠት። ነገረኛዋ ከኋላዬ ቆማ አየችው። «ብዬሽ ነበር» አላለችም፤ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ ጀርባ ሄጄ አውቶብሷን ነቀልኩና ኮሪደሩ መጨረሻ ያለው መስኮት ላይ አስቀመጥኳት። ተመለስኩ። የመዳቡ መስመር ቦታው ገብቷል፤ መጽሐፍ ላይ እንደ ተሳለው። የእኛን ብረት መልሼ አስገባሁ። ያ ሁሉ ጉብጠት የለም። መስመሩ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብሏል።

ነገረኛዋ ኮቴን አወለቀችልኝ። «ቢያንስ ጉባኤው መድረክ ላይ ቆመሽ አልሰማሽውም» አለች።

ዓርብ

ሊቁ ስላይዶቹን እያሳመረ ነበር። ጉብጠቱ ላይ ቀይ ቀስት አድርጎበታል፣ እንዳይጠፋ። ነገርኩት። አንድም አላስቀረሁም፤ ሕጉን እያወቅኩ እንደለጠፍኳት፣ ጠርጥሬም እንደተውኳት።

«የምን አውቶብስ?» አለ።

ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። ትንሿ አውቶብስ ከስላይዶቹ አጠገብ። ረጅም ጊዜ አያት። ይዟት ተነሳ፤ ተከተልኩት። ክፍሉ ስንደርስ መዳቡን መልሼ አስገብቼ መስመሩን ስክሪን ላይ እንዳወጣ አዘዘኝ፤ እሱ በእሜቴ ጀርባ ዞሮ በዚያ ጥሩ ኮቱ አቧራው ላይ ተንበረከከ። ለጠፋት፤ መስመሩ ጎበጠ። ነቀላት፤ ተቃና። ደግሞ ለጠፋት። ደግሞ ነቀላት። የመብራት ማብሪያ እንዳገኘ ሕፃን ሆነ።

«ስለዚህ» አለ ከዚያ ከጀርባዋ፣ «ክረምቱን በሙሉ የአባትሽን አውቶብስ ነው የለካነው።»

«አዎ፣ ፕሮፌሰር።»

«አለካኩ ግን ጥሩ ነበር።»

ጉልበቱ ላይ ያለውን አቧራ ሳያራግፍ ሄደና ቢሮውን ዘጋ። እኔም ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ይጻፍ።

ማክሰኞ

ሊቁ አያናግረኝም። በነገረኛዋ በኩል «ፓምፑን አጥፊው በያት» ይላል፤ ሦስታችንም ያለነው አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው።

አባዬን ወደ ዐይን ሐኪም ወሰድኩት። ራሱ ነው «እንሂድ» ያለኝ። ሐኪሟ በመብራቷ አይታ «አባቴ፣ ሁለቱም ዐይንዎ ላይ ሞራ አለ። እንገፈዋለን» አለችው።

«ሞራ ምንድን ነው የሚመስለው?»

«ጭጋግ።»

ወደ እኔ ዞረ። «ጭጋግ ነው ብዬሽ አልነበር?»

ሰው እንዲህ ተሸንፎ እንዲህ ሲያሸንፍ አይቼ አላውቅም።

እቤት ስንገባ ስለ አውቶብሷ ጠየቀኝ። «ረዳችሽ?» እንዳልዋሽ ፈለግኩ፣ እንዳይከፋውም ፈለግኩ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ እንድመርጥ ተምሬያለሁ። «አበላሸችብኝ አባዬ። ኤሌክትሮኖቹን ሁሉ ጠመዘዘቻቸው። ጥፋቱ ግን የእኔ ነው» አልኩት። አሰበበት። «ሁሉንም?» አለ። «ሁሉንም።» «እኔ እኮ ብርቱ ናት ብዬሻለሁ» አለ፣ ኩራቱን መደበቅ አቅቶት። ወስዶ ፍሪጁ በር ላይ ለጠፋት፤ የመኪናውን ቁልፍ በቀለበቱ እላይዋ ላይ አስያዘው። «እንግዲህ የመጨረሻ ፌርማታችን እዚህ ነው» ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ብዙ ቆሞ ቁልፉን ሲያይ ነበር።

ሰኞ

ሊቁ ከጉባኤው ተመለሰ። ነገረኛዋ ከሌሎች የሰማችው እንዲህ ነው፤ ቀይ ቀስቱ ያለበትን ስላይድ አሳየ፣ ሰው ሁሉ ተደነቀ፣ ከዚያ ቀጥሎ የአውቶብሷን ፎቶ አወጣ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ ወንበር ላይ የነበረ አንድ ታዋቂ ሰው ብቻ ሳይስቅ ስልኩን ይዞ እየሮጠ ወጣ፤ ቤተ ሙከራው ደውሎ «ከመሣሪያው ጀርባ ምን እንዳለ እዩልኝ» ሲል ኮሪደሩ ላይ ተሰምቷል።

ስህተቱን ራሳችን ስላወጣነው ክፍሉ ለአንድ ዓመት ይቆይ ተብሏል። የእኔም ምረቃ አብሮ ለአንድ ዓመት ተገፍቷል። የክፍል ጓደኞቼ ካባ ሲለብሱ እኔ ፎይል እጠቀልላለሁ። ይከፋኛል። ለማንም አልናገርም፣ እዚህ ግን ይከፋኛል።

ሊቁ ጠረጴዛዬ ጋ መጣ። «አባትሽን ሰላም በይልኝ» አለ። ሌላ ምንም አላለም። እኔን ነው ግን ያናገረው፣ በቀጥታ።

ረቡዕ ማታ

ዝናቡ አባርቷል። መጀመሪያ መዳቡን ለካሁ። ልክ ነው። ከዚያ የእኛን ብረት። መስመሩ ላይ፣ ከድሮው ሌላ ቦታ፣ ስሌቱ እንዳለው የሆነች ትንሽ ነገር አለች። ምናልባት የለችም። ለነገረኛዋ ብቻ አሳየኋት። «ነገ መዳቡን ደግመሽ ለኪ» አለች። እለካለሁ።

የጠዋቱን ግን ሳልጽፍ አልተኛም። የአባዬ ዐይን ፋሻ ከተነሳ ጀምሮ ዛሬ ገና አብረን ወጣን፣ በከተማው አውቶብስ። ሹፌሩ ጀርባ ተቀምጦ መጀመሪያ ሹፌሩን ተቸ፤ «ማርሽ ቀይር እንጂ፣ ሞተሩ እያለቀሰ እኮ ነው!» ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞሮ የሱቆቹን ሰሌዳ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ቀለም። መጋዝ። የሴቶች ጫማ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ ያየናል።

«ይሄ ፋርማሲ መቼ ተከፈተ?»

«እኔ ትንሽ እያለሁ ነው፣ አባዬ።»

ከዚያ ከመስኮቱ ወደ እኔ ዞረና ፊቴን አየኝ፤ እንደ ሰሌዳዎቹ፣ ከላይ ጀምሮ፣ ምንም ሳይዘል።

«ሸብተሻል» አለ።

«መብራቱ ነው» አልኩት።

«የለም ልጄ። ዛሬ መስታወቱም ዐይኔም ንጹሕ ነው።» እጁን ዘርግቶ ከጆሮዬ በላይ ያለውን ፀጉር ነካው። «ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ?»

ፌርማታዬ ደርሶ ነበር፤ እጁን ሳምኩና «ወራጅ!» አልኩ።